«እኔም አላውቅም» ያሉኝ ሐኪም

ሆዱን በእጁ ደግፎ ይህን የሚያነብ ሰው ካለ፣ የምጽፈው ለእሱ ነው። ዛሬ በርበሬ የበዛበት ወጥ ሳልፈራ የምበላ አሮጊት ነኝ። በደርግ ጊዜ ግን፣ ልጆቼ ገና ትንንሾች ሳሉ፣ አንዲት ጉርሻ ሽሮ ከማዕድ አስነስታ ታስለቅሰኝ ነበር።

ስሜ ለተብርሃን ነው። ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ጫፍ ላይ ባለች የስፌት ክፍል ውስጥ የአውሮፕላን ወንበር ልብስ እሰፋ ነበር። ጨርቁ ወፍራም ነው፤ መርፌው ቶሎ ቶሎ ይሰበራል፤ አውሮፕላን ሲነሣ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያሉት መቀሶች ይንቀጠቀጣሉ። እኛ ሴቶቹ ድምፁን ብቻ ሰምተን የትኛው አውሮፕላን እንደተነሣ እንወራረድ ነበር። የዛሬውን ቦሌ ለሚያውቅ ሰው የያኔውን ብነግረው አያምነኝም። ከአጥሩ ወዲያ፣ ወደ ገርጂ፣ ጤፍና ሽምብራ ነበር። መስከረም ላይ ሜዳው አደይ ለብሶ ከስፌት ክፍላችን መስኮት ይታያል። መገናኛ የከተማው ጫፍ ነበር፤ አውቶቡሱ እዚያ አራግፎን ሲመለስ ነፋሱና እኛ ብቻ እንቀራለን። ያንን ነፋስ ዛሬም እናፍቀዋለሁ።

ባለቤቴ ኪዳኔ መካኒክ ነበር። የምንኖረው በሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ የኪዳኔ ታናሽ ወንድም ፍስሐም አብሮን ይኖር ነበር። ፍስሐን ልጅ ሳለ ከትግራይ ከመጣ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አብዮቱ ሲመጣ ካድሬ ሆነ። ካኪ ለበሰ፣ ሽጉጥ ታጠቀ፤ ጎረቤቶቻችን እሱ ሲያልፍ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። እኔ ግን ካልሲውን የማጥብለት ልጅ ነበርና አልፈራውም።

ሕመሙ የጀመረኝ ረሃብ መስሎ ነው። ከደረቴ አጥንት በታች፣ ጣት በምታክል ቦታ ላይ ፍም የተቀመጠ ይመስለኛል። በርበሬ የሌለው ነገር ስበላ ይተወኛል፤ ሆዴ ባዶ ሲሆን ተመልሶ ይመጣል። የስፌት መኪናው ጩኸት ራሴን ስለሚያመኝም ከሱቅ አስፕሪን እየገዛሁ እውጥ ነበር። ራሴ ቀለል ሲለኝ ሆዴ ይብሳል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር አለ ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ወስፋት ነው አለኝ። የወስፋት መድኃኒት ወሰድኩ። ሁለተኛው አሜባ ነው አለኝ። ክኒኑ አፌን ብረት ብረት እያለው ጨረስኩት፤ ፍሙ እንዳለ ነው። ሦስተኛው ቦታ ያገኘሁት ሰው ሆዴን ሳይነካ ፊቴን አየና «ሐሳብ ታበዣለሽ፤ ነርቭ ነው» ብሎ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጠኝ። ስፌቴ ላይ እያንቀላፋሁ ጣቴን በመርፌ ወጋሁ። አማቴ ደግሞ ብርድ ነው ብለው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ቀቅለው አጠጡኝ። እሱን የጠጣሁ ቀን መሬት ላይ ተንከባለልኩ።

ኪዳኔ ደግ ሰው ነው፤ ግን ሰለቸው። እኔ ቅመም የሌለው ወጥ፣ እሱና ልጆቹ ሌላ ወጥ፤ በዚያ ላይ ዘይቱም ስኳሩም በቀበሌ ወረፋ የሚገኝበት ጊዜ። አንድ እሑድ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «ሐኪሙ ሁሉ ምንም አልተገኘብሽም ካለ፣ ምንም የለብሽም ማለት ነዋ» አለኝ። ከሕመሙ ይልቅ ያ አነጋገር አመመኝ። ከዚያ በኋላ ሲያመኝ ዝም ማለት ጀመርኩ። ልጆቹ ሲተኙ ጉልበቴን አቅፌ እቀመጥና፣ ብሞት ፀጉራቸውን ማን ያበጥርላቸዋል እያልኩ አስባለሁ። በጾም ወቅት ሆዴ ባዶ ሲውል ባሰብኝ፤ የንስሐ አባቴ «ብዪ፣ ልጄ፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ባይሉኝ ኖሮ አልበላም ነበር። ያቺ ቃል ለእኔ ከመድኃኒት አታንስም።

በመጨረሻ አንዲት የሥራ ጓደኛዬ እጄን ይዛ መሀል ከተማ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የተመላላሽ ሕክምናው ኮሪደር ረጅም ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አግዳሚ ወንበር፤ ግድግዳው ላይ የአብዮት መፈክር፤ ከመፈክሩ ሥር ግንባሩን በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ፊቴ ሲጨማደድ አይተው ከጋቢያቸው ውስጥ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ የወተት ጠርሙስ አወጡ።

«ጠጪ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጠዋት የታለበ ነው። ለእኔ ለጥቂት ጊዜ ያስታግስልኛል።»

አባባ ቱፋ ይባላሉ። የገርጂ ገበሬ ናቸው። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር፤ ሚስታቸው ሞተዋል። ከእኔ የባሰ ሆድ ይዘው ከእኔ በተሻለ ይስቁ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ በቀጠሯችን መገናኛ እንገናኝና በአንድ አውቶቡስ እንሄዳለን።

ያከሙን ዶክተር አበራ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ሆዴን በጣታቸው ከነኩ በኋላ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ፤ «ለራስ ምታት ምን ትወስጃለሽ?» አስፕሪን አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በአፍ የሚገባ፣ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቱቦ ከትተው ውስጤን አዩ። ማስገባቱ ያስጨንቃል፤ አልዋሽም። ሲጨርሱ ግን፣ «ከጨጓራሽ መውጫ አለፍ ብሎ ቁስል አለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሉኝ። አለቀስኩ። ቁስል አለብሽ ተብሎ በደስታ ያለቀሰ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያን ቀን ኪዳኔ ሲሰማ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ከዚያ ተነሥቶ የእኔን ወጥ እሱ ራሱ አሞቀልኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዶክተሩ አባባ ቱፋንና እኔን አብረው አስገቡን።

«አሲድ የሚቀንስ አዲስ መድኃኒት መጥቷል» አሉን። «ሌላ አገር ጥሩ ነው ተብሎለታል። የእኛን ሰው ግን ምን ያህል እንደሚረዳ ገና አናውቅም። ስለዚህ እየሞከርነው ነው። ጠርሙሶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንዱ መድኃኒቱ አለ። በሌላው ውስጥ መልኩም ጣዕሙም መድኃኒቱን የሚመስል ባዶ ክኒን አለ። የሚያስታግሰውን ነጭ ሽሮፕ ሁላችሁም ታገኛላችሁ። አልፈልግም ማለት ይቻላል፤ በድሮው መንገድ አክማችኋለሁ።»

«የእኔ የትኛው ነው?» አሉ አባባ ቱፋ።

«አላውቅም።»

«ዶክተር ሆነው?»

«እኔም አላውቅም፣ አባባ። እንዳላውቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። እርስዎ መድኃኒቱ እንደደረሰዎት ቢያውቁ፣ ሳይሻልዎት ተሻለኝ ሊሉኝ ይችላሉ። እኔም ባውቅ፣ በቱቦው ሳይ ቁስሉ የተዘጋ መስሎ እንዲታየኝ እመኛለሁ። ሰው ነኛ፤ ዓይኔ ያዳላል። ስለዚህ የሁላችንም ዓይን ተጋርዷል።»

አባባ ቱፋ ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «ከብት ሲገዛ የሻጩን ዓይን አይቶ የማይታለል የለም» አሉ። «እሺ፣ ገብቻለሁ።» እኔም እሳቸውን ተከትዬ ገባሁ።

ጠርሙሶቹን የምትሰጠን ወይዘሪት አስቴር የምትባል የመድኃኒት ባለሙያ ነበረች። በትንሽ መስኮት ጠርሙሱን ገፋ ታደርግልንና ቀና ሳትል መስኮቷን ትዘጋለች። ሰላም ብንላት ራሷን ነቅነቅ ብቻ ታደርጋለች። ወንበሩ ላይ የተቀመጥነው ሁሉ አማናት። «ምን ያህል ብትኮራ ነው!» እንላለን። ለማን የትኛው እንደደረሰ የምታውቀው እሷ ብቻ መሆኗንና ፊቷ እንዳያሳብቅባት ብላ ፊታችንን እንደማታይ የገባን ቆይቶ ነው።

በአውቶቡስ ስንመለስ የእኔንና የአባባ ቱፋን ክኒን መዳፋችን ላይ አድርገን እናስተያይ ነበር። ነከስነው፤ ሁለቱም ይመራል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን እኔ እየተሻለኝ ሄደ። ፍሙ ቀዘቀዘ። አስፕሪኑንም ትቼ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የሽምብራው እሸት ሽታ ከሜዳው ሲመጣ፣ ለካ ለዓመታት የሚሸት ነገር አፍንጫዬ አልገባም ነበር እላለሁ። የደረሰኝ እውነተኛው መድኃኒት እንደሆነ እርግጠኛ ሆንኩ።

አባባ ቱፋ ግን ከሱ። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ሰፋ። አንድ ቀን መገናኛ ቆመን አውቶቡስ ስንጠብቅ ጠርሙሴን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«አባባ፣ የእኔን ይውሰዱት። የእርስዎን ይስጡኝ። እኔ ድኛለሁ።»

እጄን መልሰው ቦርሳው ውስጥ ከተቱት። «አይሆንም፣ ኢንተላ ኮ። ከጀርባው ከተቀያየርን ያን ዶክተር እኛው አታለልነው። እኔ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ይህንን ለኪዳኔ ስነግረው ፍስሐ ሰማ፤ ባዶ ክኒን መኖሩን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ወጣትነቱ ነው፣ ፍቅሩም ነው። በነጋታው ካኪውን ለብሶ፣ ሽጉጡን ታጥቆ አብሮኝ ሆስፒታል መጣ። ተው እያልኩ እየለመንኩት የዶክተሩን በር ከፍቶ ገባ።

«ጓድ ዶክተር፣ ለዚች ሴት ባዶ ክኒን እየሰጣችሁ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«አላውቅም» አሉ ዶክተር አበራ።

«በአብዮት ዘመን ሕዝብ ላይ ሙከራ! የትኛውን እንደምትሰጡ ሳታውቁ?»

«አላውቅም፣ ጓድ።»

ፍስሐ ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አላነጣጠረም፤ አስቀመጠው ብቻ። የዶክተሩ ከንፈር ሲነጣ አየሁ። በዚያ ዘመን ለካድሬ «አላውቅም» ብሎ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው ብዙ አልነበረም።

«ታዲያ የሚያውቀው ማነው?»

«የሚያውቅ ሰው አለ። ስሙን ግን አልነግርዎትም።»

እኔ መሃላቸው ገባሁ። «ፍስሐ፣ የእኔን ካስለወጥክ የአባባ ቱፋንም ታስለውጣለህ፤ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ። ዘመድ ካድሬ ላለው ብቻ ከሆነ እኔ አልፈልግም። እሺ ብዬ የገባሁት እኔ ነኝ።» ሽጉጡን እኔው አንሥቼ ሰጠሁት። ፍስሐ አየኝ፤ ዶክተሩን አየ፤ በሩን ወርውሮ ወጣ። ለብዙ ቀን ቤት ውስጥ አላናገረኝም። ዶክተሩ ታስረው ተወስደው ይሆን እያልኩ በየቀጠሮው በሩ ላይ ስማቸውን አይ ነበር።

ከዚያ አንድ ረፋድ፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ፣ አባባ ቱፋ ሆዳቸውን ይዘው ጎበጡ። ግንባራቸው በላብ ራሰ። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ነጩ ጋቢ ቀላ። ከመቀመጫቸው ሲንሸራተቱ እኔ ያዝኳቸው። ጮህኩ። ዶክተር አበራ ሮጠው መጡ፤ ስልክ አንሥተው መድኃኒት ክፍል ደወሉ። ያቺ ቀና የማትለው ልጅ መስኮቷን ከፍታ ትታ፣ ጫማዋ ሲወልቅ እንኳ ሳታነሣ፣ በኮሪደሩ እየሮጠች መጣች። በዶክተሩ ጆሮ አንድ ቃል ነገረቻቸው። ባዶው ነበር።

ሙከራው ለእሳቸው ይቅር ብለው እውነተኛውን መድኃኒት ጀመሩላቸው። ደም ግን ያስፈልጋል ተባለ፤ ደም ደግሞ ቤተሰብ ነው የሚሰጠው። የእሳቸው ቤተሰብ ሰሜን ጦር ሜዳ ነው። እኔ ልስጥ ብል ደም አንሶሻል ብለው ከለከሉኝ። ለኪዳኔ ጋራዡ ደወልኩ፤ ስልኩ አይነሣም። ሌላ የማውቀው ቁጥር የፍስሐ ቢሮ ብቻ ነበር።

መጣ። «ለማን ነው ደም የሚያስፈልገው?» አለ።

«ለአባባ ቱፋ።»

እኔ ሳልለምነው የካኪውን እጅጌ ሰበሰበ። ደሙ ገጠመ። አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያውን እያየ፣ «ለምን ቀድመሽ አልደወልሽልኝም?» ብቻ አለኝ። ድምፁ ያሳደግኩት ልጅ ድምፅ ነበር። አባባ ቱፋ ተረፉ።

ሙከራው ሲያልቅ ዶክተር አበራ በቱቦው እንደገና አዩኝ። ቁስሉ ተዘግቷል። ከዚያ የእኔ የትኛው እንደነበር ወይዘሪት አስቴር ስትነግራቸው እሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ።

«ለተብርሃን» አሉኝ፣ «ያንቺም ባዶው ነበር።»

ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ አፈርኩ። «ታዲያ ያ ሁሉ ሕመም ውሸት ነበር? ነርቭ ነው ያለኝ ሰውዬ ልክ ነበር?»

«አልነበረም። ቁስሉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ መዘጋቱንም በዓይኔ አየሁ። አንዳንድ ቁስል ራሱ ይዘጋል፤ አስፕሪኑን ማቆምሽም፣ ሽሮፑም፣ ተስፋሽም ረድቶሽ ይሆናል። ባዶውን የወሰዳችሁ ባትኖሩ ኖሮ ግን የዳነውን ሁሉ መድኃኒቱ አዳነው እንል ነበር። አሁን ከባዶው ይልቅ ብዙ ሰው የሚያድን መሆኑን አወቅን።»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ለአባባ ቱፋ ልሰጣቸው የነበረው ባዶውን ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

እንግዲህ ለታመማችሁ። ቁስሉ በዓመቱ ተመልሶብኛል፤ ያኔ እውነተኛውን መድኃኒት ሰጡኝና ተሻለኝ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ደግሞ ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ተህዋስ እንዳለብኝ ተገኝቶ በፀረ ተህዋስ መድኃኒት ጨርሶ ተወኝ። ስለዚህ ለተብርሃን በባዶ ክኒን ዳነች ብላችሁ መድኃኒታችሁን እንዳትጥሉ። አስፕሪንና መሰሎቹን ሐኪም ሳትጠይቁ አትዋጡ። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሐኪም ሳይነካችሁ ምንም የለባችሁም ካላችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ካላመናችሁም ጊዜ ስጡት፤ የእኔው ሰው ወጥ ማሞቅ ተምሯል።

ከዚያ ዘመን ብዙ የረሳሁት አለ። የማልረሳው ግን አባባ ቱፋ ከሆስፒታል ወጥተው፣ ከመስቀል በኋላ፣ ገርጂ ቤታቸው በግ ያረዱ ዕለት ነው። ጤፉ አረንጓዴ ሆኖ እስከ አድማሱ ይወዛወዝ ነበር። ዶክተር አበራ በቮልስዋገናቸው መጡ። ወይዘሪት አስቴር ቢጫ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ እያንዳንዳችንን በየስማችን እየጠራች ሳመችን፤ ስማችንን ሁሉ ታውቅ ነበር። ፍስሐ ካኪውን አውልቆ በሹራብ መጣ። አባባ ቱፋ ቀኛቸው አስቀምጠውት «ይህ ልጅ ሥጋዬ ነው፤ ደሙ እዚህ አለ» እያሉ ክንዳቸውን ያሳዩ ነበር።

ምግቡ ካለቀ በኋላ ፍስሐ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዶክተሩን ጠየቃቸው። «ያን ቀን... በእውነት አያውቁም ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ቢያውቁ ኖሮስ ይነግሩኝ ነበር?»

ዶክተር አበራ የጠላውን ብርጭቆ አዟዟሩት። «ልጆች አሉኝ፣ ፍስሐ። ሽጉጡም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የምነግርህ ይመስለኛል። ባለማወቄ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት ያን ቀን ነው።»

ፍስሐ አንገቱን ደፋ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ወይዘሪት አስቴር ዞረ። «አንቺ ግን ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አለች። «ከዶክተሩ ክፍል ተናድደህ ወጥተህ መስኮቴ ላይ ቆምክ። ክብሪት አለሽ ወይ አልከኝ። ሰጠሁህ። ሲጋራህን ለኩሰህ፣ አመሰግናለሁ ብለህ ሄድክ። ከክብሪት ሌላ የጠየቅኸኝ ነገር የለም።»

ከዚያ አባባ ቱፋ መሳቅ ጀመሩ፤ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ። ፍስሐ ታግሎ ታግሎ ተሸነፈና እሱም ሳቀ። ወዲያ ማዶ አንድ አውሮፕላን ከሜዳው ተነሣ፤ የቱ እንደሆነ ግን ማናችንም አልሰማንም።